ከጸበል ሜዳ እስከ ጤና ጣቢያ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የአእምሮ ሕክምናን መንገድ ማቅናት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ትምህርታዊ ገለጻ ላይ የቀረበ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ይኸውም በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው ሕዝብ የአእምሮ ሕክምና እንዳያገኝ የሚያግዱት መሰናክሎችና የሚወገዱበት መንገድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካላልሁ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ በየስብሰባው የሚደጋገም አንድ አባባል አለ። «ሕዝቡ ሕክምና አይፈልግም፤ ጸበል ብቻ ነው የሚያምነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ጊዜ የለም። ወደ ጸበል ይሄዳል፤ ወደ ደብተራ ይሄዳል፤ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ተመልሶ ወደ ጸበሉ ይሄዳል። ችግሩ የመንገዱ በየስፍራው መቆረጥ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ የተቆረጠውን መቀጠል መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሀገሩና ርቀቱ

አካባቢውን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ላይ ጋይንትንና እስቴን ያዋስናል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መሬቱ ከውርጭ ደጋ ወደ በሽሎ ሸለቆ ቆላ ያሽቆለቁላል። ታች ጋይንትና ስማዳ በተደጋጋሚ ድርቅ የሚጎበኛቸው ወረዳዎች ናቸው፤ በ1997 በተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ታቅፈው የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉባቸው። ከእነዚህ ወረዳዎች በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳና ለአረም ወደ ሁመራና ወደ መተማ ይወርዳል።

እንግዲህ በበሽሎ ዳር ቀበሌ የሚኖር አንድ ገበሬ፣ ልጁ ድንገት እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን መናገር ጀመረ እንበል። ገበሬው ልጁን ይዞ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በእግሩ ይጓዛል። ከዚያ ወደ ወረዳው ከተማ፣ ካልሆነም ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል፤ ማደሪያ ይከራያል። አንድ ጊዜ በግ ሸጦ ይህን ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን የስኪዞፍሬኒያ ወይም የባይፖላር ሕመም ሕክምና የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ በየወሩ የሚታደስ ከሆነ በዓመት 12 ጉዞ ይጠይቃል። 12 በግ ያለው ቤተሰብ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ «ሕክምናውን አቋረጠ» ብለን በካርዱ ላይ የምንጽፍለት ሰው በጎቹ ያለቁበት ሰው ነው።

ይህ የርቀት ችግር የሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ከተጀመረ አንሥቶ የኖረ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሠርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ ከጋይንትም ከጋሞም የመጣ በሽተኛ የሚያመራው ወደዚያው ነበር። በ1995 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በሀገር ውስጥ ሲጀምር በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የሳይካትሪ ሐኪሞች 11 ገደማ ብቻ እንደነበሩ በሰፊው ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የሳይካትሪ ነርሶች ቁጥር ጨምሯል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር በመተባበር በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። ከ2005 እስከ 2008 የተዘረጋው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል።

ሕክምና ሳያገኙ የመቅረት ዋጋው ምን ያህል ነው? በዚህ ረገድ የተሟላ መረጃ ያለን ከቡታጅራ ነው። በዚያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል የሕመሙን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ10 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሞቶቹ ብዙዎቹ የመጡት ሊታከሙ በሚችሉ ተላላፊ በሽታዎች ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ሳንባው ሲታመምም የሚያክመው አያገኝም ማለት ነው።

ሕመሙ የሚነገርበት ቃል

የመጀመሪያው መቆራረጥ የሚከሠተው በሽተኛውና ባለሙያው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ ነው። እኛ በመማሪያ መጽሐፋችን «ድባቴ» እንላለን። የእስቴ እናት ይህን ቃል አትጠቀምም። «ራሴን ያቃጥለኛል፤ ልቤን ያፍነኛል፤ ሰውነቴ ዛለ፤ እህል አስጠላኝ፤ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። ጤና ጣቢያው የራስ ምታት ክኒን ወይም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛታል። ከወር በኋላ በዚያው ቅሬታ ትመለሳለች።

ይህ የእኛ ብቻ ባሕርይ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ የቻይና ስደተኞችን በሚመለከት የተሠራ ሥራ ለእኛ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። በቦስተን ከተማ በአንድ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ድባቴ የተገኘባቸውን 29 ቻይናውያን ታካሚዎች ዋና ሕመማችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። አብዛኞቹ ድካምን፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ ራስ ምታትን ጠቀሱ፤ «አዝኛለሁ፤ ተክዣለሁ» ብሎ ዋና ሕመሙን የተናገረ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በመጠይቅ ስለ ስሜታቸው በቀጥታ ሲጠየቁ ግን ከ10 ሰዎች ዘጠኙ ያህል የሐዘን ስሜት እንዳለባቸው አመኑ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰዎቹ ሐዘናቸውን ያውቁታል፤ ነገር ግን ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብለው አያስቡም። በኒው ዮርክም ለቻይና ስደተኞች መፍትሔ ሆኖ የተሠራበት መንገድ የአእምሮ ሕክምናውን ሰዎች ለራስ ምታትና ለደም ግፊት በሚመጡበት በዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ማስገባት ነበር።

ለእኛም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አንዲት ነርስ «ልቤን ያፍነኛል» ለምትላት ሴት አራት ጥያቄዎች ብታክል ብዙ ነገር ይለወጣል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር፣ ቡናው፣ ማኅበሩ፣ ገበያው፣ አሁንም ደስ ይልሻል? ሌሊት ምን ያሳስብሻል? መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል? የመጨረሻውን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ ይከታል ብለው የሚፈሩ ተማሪዎች አሉ። አይከትም። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ለብዙ ወራት የተሸከሙትን ለማውረድ በር ይከፍታል።

ጸበልና መድኃኒት

ወደ ሁለተኛው መቆራረጥ ልለፍ። ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምድር ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከመላ ሀገሪቱ ተማሪ ሲቀበሉ ኖረዋል። እንዲህ ባለ ሀገር ሕመም ከእምነት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። አእምሮው የታወከ ሰው «ክፉ መንፈስ ያዘው»፣ «ዛር አለበት»፣ «ቡዳ በላው»፣ «መተት ተደረገበት» ይባላል። ጎበዝ የቆሎ ተማሪ በድንገት ሲታወክ ደግሞ «ድግምት ሲማር ነካው» የሚል ወሬ ይከተለዋል። በመሆኑም የመጀመሪያው ሕክምና ጸበል ነው።

ጸበል ለታማሚው የሚሰጠውን በቅን ልቡና ማየት አለብን። በጸበል ስፍራ ቤተሰብ አብሮት ይሰነብታል፤ ጸሎት ይደረግለታል፤ ይድናል የሚል ተስፋ ይሰማል፤ ሌሎችም እንደ እርሱ የታመሙ ስላሉ ብቻውን አይደለም። ከእነዚህ ብዙዎቹን እኛ በተመላላሽ ክፍላችን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስጠት አንችልም። ነገር ግን በዚያው ስፍራ ጉዳት የሚያስከትሉ ነገሮችም ይፈጸማሉ። በሽተኛው በሰንሰለት ይታሰራል፤ መንፈሱ እንዲለቅ ተብሎ ይደበደባል፤ «ጸበል እየጠጣህ መድኃኒት አትውሰድ» ይባላል። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነና በአንድ ቀን ካቋረጠው ማቆሚያ የሌለው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ማሰርን በተመለከተ ፍርዳችን ቸኩሎ በቤተሰቡ ላይ እንዳያርፍ እጠይቃለሁ። ገደል ባለበት ሀገር፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚጠፋ ልጅ ያላትና ለመርፌው የሚሆን ገንዘብ ያጣች እናት ሰንሰለትን የምትመርጠው ሌላ አማራጭ ስታጣ ነው። ሕክምናው ሲቀርብ ሰንሰለቱ ይፈታል።

በዚህ ጉዳይ ሀገራችን ራሷ ያለፈችበት ምሳሌ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰራጨት በጀመረበት ዘመን በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች ጸበል ስፍራዎች መድኃኒቱን ያቋረጡ ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይቃረኑ በይፋ አስተማሩ። ሐኪሞች ለዓመታት ሲደክሙበት የነበረውን ክርክር ከመንበሩ የመጣው ቃል ብዙ አቀለለው። ከዚያም ወዲህ በአዲስ አበባ የሳይካትሪ ሐኪሞችና የጸበል ስፍራ አገልጋዮች ተባብረው በሽተኞችን የሚረዱበት አሠራር ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ተዘግቧል። ከእኛ ውጭ በጋናና በናይጄሪያ 307 የሳይኮሲስ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በዚያ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ተባብረው የሠሩላቸው ሕሙማን በተለመደው መንገድ ብቻ ከታከሙት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ እንዴት ይሠራል? ከጤና ጣቢያው የሚላክ ባለሙያ በተወሰነ ቀን ወደ ጸበሉ ይሂድ። በመጀመሪያ የሚያነጋግረው የደብሩን አስተዳዳሪና አጥማቂውን ይሁን። ክርክር ይዞ አይሂድ፤ ሦስት ስምምነቶችን ይዞ ይሂድ። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ማንም አይደበደብም፤ የታሰረ ካለ ለባለሙያው ይነገራል። ሦስተኛ፣ እህልና ውኃ እምቢ ያለ፣ ትኩሳት ያለው፣ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ፣ ወይም ወልዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ የታወከች አራስ ካለች ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትላካለች።

የጾምም ጉዳይ አለ። በጾም ወራት በሽተኛው ክኒኑን የሚያቆመው ሃይማኖቱን ከሐኪሙ ስለሚያስበልጥ ነው። እንግዲህ የክኒኑን ሰዓት ከጾም መፍቻው በኋላ ወይም ወደ ማታ ማዛወር በሚቻልበት ጊዜ ማዛወር፣ በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ የንስሐ አባቱን ማማከር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላት። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ከበሽተኛው ጋር አይጣላም።

ነውርና ዝምታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ነገር ግን የሚደብቀው ለምን እንደሆነ አንጠይቅም። በጋብቻ ጊዜ ዘር በሚቆጠርበት ባህል «በዚያ ቤት እብድ አለ» መባል የታማሚውን ብቻ ሳይሆን የእኅቱንም ትዳር ይዘጋል። በቡታጅራ አካባቢ 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው፣ ከመቶ 37ቱ ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ደቡብ ጎንደርም በዚህ ረገድ የተለየ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ዝምታ ግን ጦርነቱ የተወው ነው። በነሐሴ 2013 የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ባወጣው ዘገባ ይፋ አድርጓል። ድርጅቱ ያነጋገራቸው 16 ሴቶች መደፈራቸውን ተናግረዋል፤ አብዛኞቹም በቡድን። በዚያው ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ስለተዘረፈና ስለተጎዳ እነዚህ ሴቶች የሚያስፈልጋቸውን የተሟላ ሕክምና በጊዜው ማግኘት አልቻሉም። ልብ በሉ፤ የተናገሩት የተናገሩ ናቸው። በገጠሩ፣ በባላቸውና በአማታቸው ዘንድ እንዳይታወቅ ፈርተው ዝም ያሉ ይኖራሉ።

እንዲህ ያለችውን ሴት «የአእምሮ ሕክምና ክፍል» የሚል ሰሌዳ በተለጠፈበት በር እንድትገባ መጠበቅ አይገባም። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ በዚያ በር መግባት ራሱ መናገር ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል፣ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ፣ ሴት ባለሙያ ባለችበት መሰጠት አለበት። ባለሙያዋም ታሪኩን በግድ ማስተረክ የለባትም። እንቅልፏን፣ ድንጋጤዋን፣ ቅዠቷን መጠየቅ፣ ምስጢሯ እንደሚጠበቅ መንገርና ቃሉን መጠበቅ በቂ መጀመሪያ ነው። ምስጢር አንድ ጊዜ ከወጣ በዚያ ወረዳ ለብዙ ዓመታት ማንም ወደዚያ በር አይመለስም።

መድኃኒቱና ክትትሉ

በመጨረሻ ወደ ጀመርሁበት ርቀት ልመለስ። ስፔሻሊስት ሐኪም በየወረዳው እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። በሀገራችን ገጠር 329 ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሕሙማኑ በዕጣ በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ በሳይካትሪ ነርሶች፣ ገሚሶቹ አጭር ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ተከታተሉ። በጤና ጣቢያ የታከሙት ውጤታቸው ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የማኅበረሰብ ሠራተኞች የደገፏቸው ሕሙማን ከዓመት በኋላ የተሻለ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ተገኝተዋል። እነዚህ ሠራተኞች ሐኪሞች አልነበሩም። ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፤ በሽተኛውን ወደ እርሻው፣ ወደ ማኅበሩ እንዲመለስ ያግዛሉ፤ መድኃኒት የሚወሰድበትን ቀን ያስታውሳሉ።

የሶዶ መሬት ከስማዳ የተለየ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ጤና ኬላ ግን በሁለቱም አሉ። ለእኛ ወረዳዎች ሁለት ነገሮች እጅግ አስፈላጊ ይመስሉኛል። አንደኛው፣ ሕመሙ ለረጋ ሰው መድኃኒቱ ለሦስት ወር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ 12ቱ ጉዞ ወደ አራት ይወርዳል። በቤት ውስጥ ብዙ ክኒን ማስቀመጥ አደጋ ለሚሆንበት፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ላለበት ሰው ግን መድኃኒቱ በቤተሰብ እጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ። ሁለተኛው፣ የመድኃኒት ክምችት ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ቀድሞ የሚቆመው ጉዞ የሥር የሰደደ ሕመም ታካሚ ጉዞ ነው። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ፊኖባርቢታል ዋጋቸው ውድ ያልሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። መንገዱ ክፍት ሳለ ወደ ጤና ጣቢያው ማድረስ ከተዘጋ በኋላ ከማልቀስ ይሻላል።

ለተማሪዎቼ አንድ ቃል ልጨምር። በየዓመቱ የምትጽፉት የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ርእስ ይይዛል። ስርጭቱን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስንት ሰው እንደታመመ ደጋግመን ከቆጠርን በኋላ አንድም ሰው ወደ ሕክምና ያልደረሰ ከሆነ ቆጠራው ለማን ነው? ከእናንተ መካከል አንዳችሁ ከአርብ ገበያ ወይም ከወገዳ የመጣን አንድ በሽተኛ መንገድ ከቤቱ እስከ ጸበሉ፣ ከጸበሉ እስከ ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቱ ተከትላችሁ፣ የት እንደተቆረጠ፣ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደፈጀ ብትጽፉ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሥራ ታበረክታላችሁ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠንካራ ጫማና የአካባቢውን አነጋገር የሚያዳምጥ ጆሮ ይጠይቃል።